ምክንያትና ሁኔታ በባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን አደጋ፤ ከግሼ ራቤል ደጋ እስከ ሩስያ ምድር

አውሮፕላን በወደቀ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ምን ሆኖ ወደቀ?» የሚል ነው፤ መርማሪዎችም ወራት ከደከሙ በኋላ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ክንፉ ተሰብሮ ወይም አብራሪው ተሳስቶ ነው ብለው ባጭር ቃል ይመልሳሉ። ይህ መልስ እውነት ቢሆንም ምሉዕ አይደለም። ምክንያት የምንለው አደጋውን በመጨረሻዋ ደቂቃ የወለደውን ነገር ሲሆን፣ ሁኔታ የምንለው ደግሞ ያ ምክንያት የተፀነሰበትን፣ ከአደጋው በፊት የነበረውንና ካልታረመም ከቀብሩ በኋላ የሚቀረውን ነገር ነው። የዚህ መጣጥፍ አሳብ በሩስያና በኢትዮጵያ ሰማይ የደረሱትን የባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን አደጋዎች እያስተያየ፣ ሰውን ከመውቀስ ይልቅ ሁኔታን ማረም ነፍስ እንደሚያድን ማስረዳት ነው። ቀናቱና ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ነገሩን ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ ደጋ መጀመራችን ስለ አገር ፍቅር ብቻ አይደለም፤ የበረራ ጠላቶች የሆኑት ከፍታ፣ ገደልና ጉም በዚህ ምድር ባንድነት ስለሚገኙ ነው። የጓሳ ሣር የለበሰው ሜዳ እስከ 3,700 ሜትር፣ አቡየ ሜዳም እስከ 4,000 ሜትር ግድም ከፍ ሲል፣ ጀማና ወንጪት ደግሞ ደጋውን ሰንጥቀው እጅግ ጥልቅ በሆነ ሸለቆ ይወርዳሉ። ከይፋት ቆላና ከአፋር በረሓ በኩል የሚነሣው አየር ገደሉን ተከትሎ ሲወጣ እየቀዘቀዘ ጉም ይሆናል፤ በጣርማ በር ያለፈ መንገደኛ ሁሉ፣ ፀሐይ ሲሞቀው ቆይቶ በቅጽበት የተቀመጠባትን በቅሎ ጆሮ ማየት እንኳ እንደሚሳነው ያውቃል። በምድር ለሚሄደው ይህ የጥቂት ሰዓት መዘግየት ነው፤ በአየር ለሚሄደው ግን የሞትና የሕይወት ነገር ነው።

ፕሮፔለር አየርን እንደ ታንኳ መቅዘፊያ ወደ ኋላ እየገፋ አውሮፕላኑን ወደ ፊት የሚያስኬድ መሣሪያ ስለ ሆነ፣ የሚገፋው አየር ሲሳሳ ጉልበቱም ይሳሳል። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ጥቅጥቅ ነው፤ ስለዚህም ፕሮፔለሩ የሚጨብጠው፣ ክንፉ የሚደገፍበት፣ ሞተሩም የሚተነፍሰው አየር ሦስቱም ባንድ ጊዜ ይጎድላሉ። አውሮፕላኑ ለመነሣት ረዥም መንደርደር ያስፈልገዋል፤ ሲያርፍም ምድሪቱን የሚነካው በቆላ ከሚነካበት ፍጥነት በሚበልጥ ፍጥነት ነው፤ ከሁለት ሞተሮች አንዱ ቢጠፋበት ደግሞ፣ በባሕር ዳርቻ አገር ከፍታውን ጠብቆ መሄድ የሚችለው አውሮፕላን በደጋው ላይ ቀስ በቀስ ወደ ተራራው ሊወርድ ይችላል። ይህ የፍጥረት ሕግ ነው እንጂ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ጥፋት የሚሆነው ሕጉን እያወቁ በቆላ የሚጫነውን ጭነት በደጋ መጫን ነው።

የአገራችን የበረራ ታሪክ ከጥንቱ ከሩስያ ጋር ተዛምዷል። ፖቴዝ 25 የተባለችው አውሮፕላን ከጅቡቲ ተነሥታ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ባረፈች ጊዜ አብራሪዋ ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች አንዱ ለመሆን የበቃው ሚሽካ ባቢቼፍ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጥቶ በአገራችን የቀረው የሩስያ መኮንን ልጅ ሲሆን፣ በኋላም በሞስኮ አገሩን በዲፕሎማትነት አገልግሏል። በዚያው ዘመን፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከተፈጸመው የዘውድ በዓል ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከትሪኒዳድ የተወለደው ሁበርት ጁሊያን በልምምድ ላይ ሳለ የንጉሠ ነገሥቱን ጂፕሲ ሞዝ አውሮፕላን ጥሎ ሰብሯል። የዚህ አደጋ ምክንያት አብራሪው ነው ይባላል፤ ሁኔታው ግን የበዓሉ መቃረብ፣ የታላላቅ እንግዶች መምጣትና ለማሳየት የመጓጓት መንፈስ ነበር፤ ይህ መንፈስም ከዚያ ወዲህ በሌላ ሰማይ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ታይቷል።

ወደ ሩስያ ስንሻገር ምድሩ ሌላ፣ የአደጋው መልክ ግን ተመሳሳይ ነው። አገሪቱ ሰፊ፣ መንገዷ ጥቂት በመሆኑ በሳይቤሪያና በሩቅ ምሥራቅ ያሉ ብዙ ከተሞች ከዓለም ጋር የሚገናኙት በአብዛኛው በአውሮፕላን ነው፤ አንቶኖቭ 2፣ አንቶኖቭ 24፣ አንቶኖቭ 26 እና አንቶኖቭ 28 የተባሉትም ለአጭርና ለሸካራ ማኮብኮቢያ ታስበው የተሠሩ ጽኑዓን አውሮፕላኖች ናቸው። አደጋዎቻቸውን በሦስት መደብ መክፈል ይቻላል።

አንደኛው የብረት ድካም ነው። ግንቦት 10 ቀን 1964 ዓ.ም. ባለ አራት ሞተር የሆነ አንቶኖቭ 10 ያኔ በሶቪየት ኅብረት ውስጥ በነበረችው የዩክሬን ከተማ በካርኮቭ አጠገብ ክንፉ በበረራ ላይ ተሰብሮ 122 ሰዎች አለቁ፤ ሲመረመርም በክንፉ መካከለኛ ክፍል የተጠራቀመ ስንጥቅ ተገኘ። በዚህ ጊዜ መንግሥቱ ያደረገው የሚያስመሰግን ነው፤ አንድ አብራሪ ወይም አንድ መካኒክ ፈልጎ ከመቅጣት ይልቅ ያን ዓይነት አውሮፕላን በሙሉ ከመንገደኞች አገልግሎት አወጣው።

ሁለተኛው የሞተር መክዳት ነው። ሐምሌ 4 ቀን 2003 ዓ.ም. ከቶምስክ ወደ ሱርጉት ይበር የነበረ አንቶኖቭ 24 ግራ ሞተሩ በእሳት ተያይዞ በኦብ ወንዝ ላይ ለማረፍ ተገደደ፤ ከ37ቱ ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 7ቱ ሞቱ። ሰኔ 20 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ በኒዥኔአንጋርስክ ሌላ አንቶኖቭ 24 ከሁለቱ ሞተሮች አንዱ ከድቶት መሬት ከነካ በኋላ ከማኮብኮቢያው ወጥቶ ሕንፃ መታ፤ የሞቱት ሁለቱም ከበረራ ሠራተኞቹ ወገን ነበሩ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሞተር መጥፋቱ ራሱ ሁሉን አለመግደሉ ነው፤ ከሥር ወንዝ ወይም ሜዳ ካለ ከሞት ጋር ለመነጋገር ጊዜ ይገኛል።

ጊዜ የማይሰጠው ሦስተኛው መደብ፣ ማለት ደኅና የሆነ አውሮፕላን በጉም ውስጥ ከተራራ ጋር መጋጨቱ ነው። በካምቻትካ ፓላና አቅራቢያ መስከረም 2 ቀን 2005 ዓ.ም. አንድ አንቶኖቭ 28 ከተወሰነው የማረፊያ መንገድ ወጥቶ ተራራ መታና 10 ሰዎች ሞቱ፤ በሁለቱም አብራሪዎች ደም ውስጥ አልኮል ተገኘ። ሰው ሁሉ ነገሩን በመጠጥ ዘጋው። ነገር ግን ሰኔ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ወደዚያው ወደ ፓላና የሚሄድ አንቶኖቭ 26 እንደዚሁ ከመንገዱ ወጥቶ በዝቅተኛ ደመና ውስጥ በባሕሩ ዳር ካለው ገደል ጋር ተጋጨ፤ የነበሩበት 28 ሰዎችም ሁሉ አለቁ። መጠጡ ለመጀመሪያው ምክንያት ነበረ እንበል፤ በሁለተኛው ዘንድ የቀረው ተራራው፣ ደመናውና የማረፊያው አስቸጋሪነት ነው፤ ሁኔታው ዘጠኝ ዓመት ያህል በስፍራው ቆሞ ጠብቋል። ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም. በቲንዳ የወደቀውና 48 ሰዎች የሞቱበት አንቶኖቭ 24 ከተሠራ ወደ ግማሽ ምዕት ዓመት የሚጠጋው ነበር፤ ብዙዎችም እርጅናውን ብቻ አወሩ፤ ዳሩ ግን የወደቀው በመጀመሪያው ሙከራ ማረፍ ተስኖት፣ ታይነት ባነሰበት ሰዓት ለሁለተኛ ጊዜ ሲመለስ፣ ደን በለበሰ ተራራ ጎን ላይ ነው።

ይህ ሦስተኛው መደብ በአገራችንና በአካባቢዋም ታይቷል። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. የአሜሪካ ሕዝብ እንደራሴ የነበሩትን ሚኪ ሌላንድን ጨምሮ 16 ሰዎችን ይዛ ከአዲስ አበባ ወደ ፉኚዶ የስደተኞች ሰፈር የተነሣችው ትዊን ኦተር በክረምቱ ደመና ውስጥ ተራራ መትታ፣ ስብርባሪዋ የተገኘው ከስድስት ቀን በኋላ ነው። መስከረም 1984 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጭነት ሄርኩለስ በጅቡቲ ምድር ከተራራ ጋር ተጋጨ። ሁለቱም አውሮፕላኖች በሩስያ የተሠሩ አይደሉም፤ ይህም ተራራና ደመና የሠሪውን አገር ስም እንደማይጠይቁ ያስረዳናል።

በዚህ ሁሉ ፊት፣ በመግቢያችን ባነሣነው ደጋ ያለችው ግሼ ራቤል የምትሰጠው ምስክርነት ታላቅ ነው። በ1977ቱ ረሀብ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት 12 አንቶኖቭ 12 አውሮፕላኖችን፣ 24 ሄሊኮፕተሮችንና 300 የጭነት መኪናዎችን ልካ ነበር፤ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለሶችና የምዕራብ ጀርመን ትራንዛሎችም ከጥቅምት 1977 ዓ.ም. ጀምሮ እህል ያመላልሱ ነበር። መኪና የማይደርስበትን ደጋ ለመርዳት ሁለት መንገድ ነበረ፤ አንዱ ማኮብኮቢያ በሌለበት አብራሪውን «እንደምንም አርፈህ አራግፍ» ማለት፣ ሌላው ማረፍን ጨርሶ ማስቀረት። የተመረጠው ሁለተኛው ነው። እህሉ በድርብርብ ከረጢት ታስሮ፣ የመጣያው ሜዳ አስቀድሞ ተመርምሮ፣ በሜዳው ላይ የቆመ ቡድን ሰውንና ከብትን አርቆ ነፋሱንና ታይነቱን ለአብራሪው እያስታወቀ፣ አውሮፕላኖቹ ዝቅ ብለው እያለፉ ከረጢቱን በራቤል ሜዳ ላይ አፈሰሱት። ከዚያ በፊትም በ1966ቱ ድርቅ ዘመን ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በትናንሽ አውሮፕላኖች ምግብ ከአየር መጣልን በአገራችን አሳይቶ ነበር።

ዝቅ ብሎ መብረር ራሱ አደገኛ እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ ራቤል የምታስተምረው ግን አደጋው አስቀድሞ ታውቆ፣ ተለክቶና ተካፍሎ መወሰዱን ነው። አብራሪው ብቻውን አልተተወም፤ የምድሩን ነገር በምድር የቆመው ሰው ያይለት ነበር። ለፓላና አብራሪዎችም የሚያስፈልጋቸው ይህን የመሰለ ድጋፍ ነበር።

በመንዝ መንገደኛ በገደል አፋፍ ጉም ቢይዘው ጭነቱን አራግፎ፣ በቅሎውን አስሮ ይቀመጣል፤ ገበያው ያመልጠኛል ብሎ ቢገሰግስ ግን አገሬው ይገሥጸዋል፤ ስለ መቀመጡም ፈሪ የሚለው የለም፤ ያስተናገደውም ባላገር ማሳደርን እንደ ግዴታው ይቈጥራል። ይህ ትዕግሥት የአንድ ሰው ጠባይ ብቻ አይደለም፤ አገሩ ያቆመው ሥርዓት ነው። አብራሪም ሳያርፍ ቢመለስ ደመወዙ እንዳይጎድል፣ ስሙ እንዳይነቀፍ፣ ነዳጁም ለመመለስ እንዲበቃው አስቀድሞ የሚደነግግ ሥርዓት ካልቆመለት፣ ከአደጋ በኋላ «ለምን አልተመለሰም?» ብሎ ሙቱን መጠየቅ ፍርድ አይደለም።