ከስደት ጎዳና የተወለደው የጌም ስቱዲዮ

«ጁኑብ» የሚለውን ቃል ለካርቱም ነዋሪ መተርጎም አያሻም። ዐረብኛው «ደቡብ» ማለት ነው፤ ይሁን እንጂ በዚህች ከተማ ቃሉ ለረጅም ዘመን አቅጣጫን ብቻ ሳይሆን ጦርነትንና መፈናቀልንም ሲያስታውስ ኖሯል። ዛሬ ይኸው ቃል በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን የተቋቋመ የአንድ የቪዲዮ ጌም ስቱዲዮ መጠሪያ ነው፦ ጁኑብ ጌምስ። ስቱዲዮው የታወቀበት ጨዋታ ደግሞ «ሰላም» ይባላል። ይህኛው ቃል ለዐረብኛም ሆነ ለአማርኛ ተናጋሪ አስተርጓሚ አይፈልግም።

ኑሮን አስመስለው የሚያጫውቱ ጌሞች ታሪክ ሲነሣ ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚጠቀሰው ማክሲስ የተባለው የካሊፎርኒያ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው «ሲምሲቲ» ነው። ተጫዋቹ እንደ ከንቲባ ሆኖ መንገድ ይቀይሳል፣ መብራት ይዘረጋል፣ ግብር ይጥላል። ግብሩ ሲከብደው ሕዝቡ ከተማዋን ጥሎ ይሄዳል። ታዲያ ከንቲባው የሚያየው የቁጥር መቀነስን ብቻ ነው፤ የሄደው ሰው ወዴት እንደ ሄደ፣ በመንገድ ምን እንደ ደረሰበት ጨዋታው አይነግረውም።

እ.ኤ.አ. በ2006 ግን ይኸው ዐይነት ጨዋታ ወደ ሱዳን ፊቱን አዞረ። በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሱዛና ሩይዝ የመራችው የተማሪዎች ቡድን «ዳርፉር እየሞተች ነው» የሚል ጌም በኢንተርኔት አወጣ። በዚያ ጌም ተጫዋቹ ከአንድ ተፈናቃይ ቤተሰብ መካከል ውኃ ሊቀዳ የሚወጣውን ሰው ይመርጣል፤ የተመረጠውም ሰው ከታጣቂዎች እየተደበቀ ሮጦ መመለስ ይጠበቅበታል። ብዙዎች ስለ ዳርፉር እልቂት ያወቁት በዚሁ ጌም አማካይነት ነው። በአንጻሩም፣ የሰው መከራ መጫወቻ ይሆናል ወይ? የሚል ጥያቄ ተነሣ። የእኛም አባቶች «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» ይላሉና፣ ጥያቄው ቀላል አይደለም። ለጥያቄው ሌላ ዐይነት መልስ ይዞ የመጣው ግን መከራውን ከሩቅ ሳይሆን ከውስጥ ያየ ወጣት ነው።

የጁኑብ ጌምስ መሥራች ሉዋል ማየን የተወለደው በስደት ጎዳና ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቀሰቀሰውና በ2005 በተፈረመው ስምምነት ያበቃው የሱዳን ሁለተኛው የእርስ በርስ ጦርነት ወላጆቹን ከቦር አፈናቀላቸው። ወደ ሰሜን ዩጋንዳ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዙ ሁለት ታላላቅ እህቶቹ በመንገድ ሞቱ፤ እሱ ግን በዚያው ጉዞ ተወልዶ ተረፈ። ከዚያም 22 ዓመት ያህል በስደተኞች ካምፕ ኖረ።

እ.ኤ.አ. በ2007 ስደተኞች ሲመዘገቡ በጠረጴዛ ላይ አንድ ኮምፒውተር አየ። እንዲህ ያለ እንዲኖረው እንደሚመኝ ለእናቱ ነገራት። እናቱም ምንም ሳትነግረው ሦስት ዓመት ሙሉ አጠራቅማ በ300 ዶላር ላፕቶፕ ገዛችለት። ይሁንና በካምፑ መብራት አልነበረም። ላፕቶፑን ቻርጅ ለማድረግ ሦስት ሰዓት በእግሩ እየተጓዘ ኢንተርኔት ካፌ ይሄድ ነበር። የጁኑብ ጌምስ እውነተኛ የመነሻ ካፒታል እነዚህ 300 ዶላርና እነዚህ እርምጃዎች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያ ላፕቶፕ ላይ ከተዋወቃቸው ጌሞች አንዱ «ግራንድ ቴፍት ኦቶ፦ ቫይስ ሲቲ» ነው። ጌሙ ተኩስና ዝርፊያ የበዛበት ነው። በጦርነት መካከል ላደጉ ልጆች መግደል እንዴት መዝናኛ ይሆናል? ሲል ራሱን ጠየቀ። ፕሮግራም መጻፍንም በግሉ ተምሮ «ሰላም»ን ሠራ። በፌስቡክ ባሰፈረው ጊዜ በሌላ አገር ያሉ የጌም ባለሙያዎች ተመለከቱት፤ መንገዱም እስከ አሜሪካ ተከፈተለት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 በሎስ አንጀለስ በተካሄደው የጌም ሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ በጌም አማካይነት ኅብረተሰቡን ከሚጠቅሙ ሰዎች አንዱ ተብሎ ተሸለመ።

«ሰላም» ሲነደፍ አሠራሩ እንዲህ ነው። ተጫዋቹ ከጦርነት የሚሸሽ ስደተኛ ሆኖ ይሮጣል። ሲሮጥ ይራባል፣ ይጠማል፣ ይታመማል። ጉልበቱ ሲያልቅ ምግብ፣ ውኃ ወይም መድኃኒት በእውነተኛ ገንዘብ ይገዛል። ገንዘቡም በረድኤት ድርጅቶች በኩል በካምፕ ላለ ስደተኛ እንዲደርስ ታስቧል። ስለዚህ ጥማቱ የምናብ ቢሆንም ውኃው የእውነት ይሆናል ማለት ነው። መከራ መጫወቻ ይሆናል ወይ? ለሚለው የሉዋል መልስ ይህ ነው፦ ተጫዋቹ አዝኖ ብቻ እንዳይቀር ማድረግ። «ሲምሲቲ» ከተማውን ጥሎ የሄደውን ሰው በቁጥር ብቻ ሲያስቀረው፣ «ሰላም» ግን ያንኑ ሰው ከበሩ ጀምሮ ይከተለዋል።

ለእኛ ይህ ጎዳና እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከረሀብና ከጦርነት የሸሸ ኢትዮጵያዊ በገዳሪፍ አጠገብ በኡም ራኩባ ተጠልሏል፤ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2020 ጀምሮም ከትግራይ የተሰደዱ ወገኖች በዚያው ስፍራ ተቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ውጊያ ሲጀመር ደግሞ የጉዞው አቅጣጫ ተገለበጠ። ሱዳናዊውም፣ በከተማዋ ዓመታት ያሳለፈው አበሻም በገላባት በኩል ወደ መተማ ጎረፈ። በዴም ሰፈር ጀበና ያሰለፈችው ቡና ሻጭም፣ ጀበናዋን የሚጠብቀው ደንበኛዋም በአንድ አውቶቡስ ተሳፋሪ ሊሆኑ ቻሉ።

ከካርቱም የወጣው ሕዝብ በዜና የሚነገረው በሚሊዮን ተቆጥሮ ነው። ቁጥሩ እውነት ነው፤ አስፈላጊም ነው። ነገር ግን ቁጥር ውኃ አይጠማውም። ልጇ ሊማርበት ለሚሻው ዕቃ ሦስት ዓመት ያጠራቀመችን እናትም ቁጥር ሊያሳየን አይችልም። በስደት የተወለደ አንድ ወጣት የስቱዲዮውን ስም «ደቡብ»፣ የጨዋታውን ስም «ሰላም» ብሎ ሲሰይም፣ የወጣበትን ስፍራና የሚመኘውን ነገር በሁለት ቃል ተናግሯል። ሁለቱንም ቃላት እኛ ያለ አስተርጓሚ እንሰማቸዋለን፤ ሁለተኛውን ግን ዛሬም እንጠብቀዋለን።