ከቀለሙ ሥር ያለ ቀለም

ከፍኖተ ሰላም ዋና አስፋልት ወረድ ብሎ፣ ባሕር ዛፍ በከበበው አንድ የመካኒክ ግቢ ውስጥ፣ አሮጌው ላንድሮቨሬ ጎማዎቹ ወልቀው በአራት ግንድ ላይ ተቀምጧል። ባለፈው ወር አንድ ሰው መጥቶ ዞሮ ዞሮ ካየው በኋላ ኮፈኑን በጣቱ ኳ ኳ አደረገና «ስንት ኪሎ ይወጣዋል?» ሲል ጠየቀኝ። ሰውየው ቁርጥራጭ አሉሚኒየም እየሰበሰበ ለድስት ሠሪዎች የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ስለ ሞተሩ አንድም ቃል አልተነፈሰም። የጠራው ዋጋ ግን ለአንድ መምህር የሚናቅ ገንዘብ አልነበረምና «አስቤ እመልስልሃለሁ» ብዬ ሸኘሁት።

ድስት መሆንስ ይችላል። ላንድሮቨር ሲወለድ ጀምሮ አካሉ አሉሚኒየም ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት በኮታ ይታደል ስለነበር፣ የሮቨር ኩባንያው መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ በእርሻው ላይ ይነዳት የነበረችውን የአሜሪካ ጦር ጂፕ አይቶ ያሰበውን መኪና ከአሉሚኒየም ቅይጥ ለመሥራት ተገደደ። መኪናው በ1940 ዓ.ም. በአምስተርዳም ትርኢት ላይ ለሕዝብ ታየ (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በእኛው አቆጣጠር አድርጌዋለሁ)። የታሰበውም ለገበሬ ነበር። ወደ እኛ ገበሬ ዘንድ ሲደርስ ግን የመንግሥት መኪና ሆኖ ነው የደረሰው። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

የእኔው የ1958 ዓ.ም. ሥሪት ነው። ሁለቱ የፊት መብራቶች እንደ ኋለኞቹ ሞዴሎች ከፓራፋንጎው ላይ አልወጡም፤ ከመሐል ተጠጋግተው ስለተተከሉ የሚያፈጥ ሰው ያስመስሉታል። አንደኛና ሁለተኛ ማርሹ በዋዛ አይገባም፤ ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ ረግጦ፣ በመሐል ነዳጅ ሰጥቶ፣ የጥርሶቹን ዙር በጆሮ አመጣጥኖ ነው የሚገባው። ያላወቀበት ሰው ሲነዳው መንደር ሙሉ ይሰማል። ከማርሹ ዘንግ አጠገብ ሁለት ነገሮች አሉ፦ አንዲት ቢጫ እንቡጥና አንድ ባለ ቀይ ራስ ዘንግ። ቢጫዋ ወደ ታች ስትጫን የፊቶቹም ጎማዎች ኃይል ያገኛሉ። ቀዩ ሲጎተት ፍጥነቱ ወደ ሰው እርምጃ ወርዶ ጉልበቱ ይበረታል። ባትሪ ቢሞት ማኖቬላ አለ፤ ግን አውራ ጣትን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር አጥፎ መያዝ ግድ ነው። ይህን ምክር ችላ ያለው ወንድሜ አንድ ወር ሙሉ በግራ እጁ እንጀራ በልቷል።

መኪናውን በ1992 ዓ.ም. ከዚሁ በርበሬ ነጋዴ ወንድሜ ጋር ገንዘብ አዋጥተን ገዛነው። ሻጩ ከመንግሥት ጨረታ ያነሣው ነበር። ያን ጊዜ ሞተሩ አይነሣም፤ የሹፌሩ ወንበር ሥር ዶሮ ታቅፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያላስፈታሁት የአካል ክፍል የለም። ቴስታታው ሁለት ጊዜ ተልጧል። ባሌስትራው በየክረምቱ አንድ ምላጭ ይሰብራል። አሉሚኒየሙ አይዝግም፤ ሥሩ ያለው ሻንሲ ግን ብረት ነውና ውስጥ ውስጡን ይበላል፤ በመዶሻ ነካ ነካ እያደረጉ ድምፁን ማዳመጥና የደነቆረውን ቦታ ቆርጦ መበየድ ነው። አንዲት ኩሽኔታ ፍለጋ አዲስ አበባ 387 ኪሎ ሜትር ተጉዤ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ሁለት ቀን ውዬ፣ ባዶ እጄን ተመልሼ፣ በመጨረሻ እዚሁ አንድ ጋራዥ ውስጥ በተጣለ ሌላ ላንድሮቨር ላይ አግኝቼ አውቃለሁ።

አንባቢ ልብ ብሎ እንደሆነ እስካሁን የጠራኋቸው ዕቃዎች ስም አብዛኛው ጣልያንኛ ነው። ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ። የአምስት ዓመቱ ወራሪ ሲወጣ ቃላቱን ጋራዥ ውስጥ ጥሎ ሄደ። እንግሊዝ የሠራውን መኪና ጎጃሜ በጣልያን ቃል ይጠግነዋል፤ ሦስቱም በ1933 ዓ.ም. በዚህች ምድር ላይ ተገናኝተው ነበርና አያስገርምም። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻገሩ፤ በበላያ በኩል ወደ ቡሬ መጡ። በዚያ ቆላ የጭነት መኪና ማለፍ መከራ ስለነበር ስንቁንና ጥይቱን የተሸከመው ግመል ነው። በሺሕ የሚቆጠሩ ግመሎች ከሱዳን ወጥተው ወደ ደጋው ብርድ ሲደርሱ በየመንገዱ አለቁ። ጣልያኖች ቡሬን ለቀው ሲወጡ የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት የሚመራው ጦርና የጎጃም አርበኛ ተከትሏቸው ደብረ ማርቆስ ደረሰ። ከተማችን ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር፤ ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስም ያወጡላት በዚያ ጉዞ ሲያልፉ ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው ይባላል። የሰላም መንገድ ማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የተነሣው ጦርነት ይህን ስም ለሚጠራ ሰው አፍ አስቸጋሪ አድርጎታል፤ እኔም መኪናዬን ያቆምኩት ስለ ሻንሲው ብቻ አይደለም።

ደስታውን ሳልናገር ብተው ግን በደለኛ እሆናለሁ። በ2003 ዓ.ም. ነሐሴ ውስጥ ከሽንዲ ወዲህ ካለች አንዲት መንደር ምጥ የጸናባትን ሴት ጭነን ወደ ቡሬ ስንመጣ፣ በጥቁሩ አፈር ጭቃ መሐል ከኋላችን አንድ ነገር ጧ አለ። መኪናው ያጓራል፤ አይሄድም። የኋላውን ጎማ የሚያዞረው የብረት ዘንግ ተሰብሯል። ሰዓቱ ከሌሊቱ ስድስት ሆኗል፤ ዝናቡም አላባራም። ባልዮው ከኋላ ሆኖ ስዕለት ይሳላል። ወንድሜ ምንም ሳይናገር እጁን ሰደደና ቢጫዋን እንቡጥ ተጫነ። የፊቶቹ ጎማዎች መሬቱን ቆንጠጥ አደረጉ፤ መኪናው እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገደ ተነሣ፤ በፊት እግሩ ብቻ እየጎተተ ቡሬ አደረሰን። የተወለደችው ልጅ ዛሬ ከእኔ ቁመት በልጣ ትታያለች።

እንግዲህ ነጋዴውን ከሸኘሁ በኋላ የሆነውን ልናገር። መካኒኩ የግራውን በር ለማቃናት ቀለሙን ይፍቅ ጀመር። ከላይ ያለው ነጭ ወንድሜ የቀባው ነው። ነጩ ሲነሣ ሰማያዊ መጣ፤ በሰማያዊው ላይም ፊደል። እናቴ የዚያን ዕለት ምሳ ይዛልኝ መጥታ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠረች ናትና ጠጋ ብላ በጣቷ እየተከተለች አነበበች፦ «ግ-ብ-ር»። እጇን ከትኩስ ብረት እንደሚያነሣ ሰው አነሣች።

«ግብር ነው እንዴ የምትነዳው ልጄ?»

መካኒኩ ሳቀና ትንሽ ወደ ቀኝ ፋቀ። «ና» የምትለዋ ፊደል ወጣች። ግብርና። መኪናው የእርሻ ባለሙያዎች መኪና ሆኖ ኖሯል። እናቴም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። እርሷ ልጅ ሳለች በ1960 ዓ.ም. በወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ምክንያት የጎጃም ገበሬ ተነሣ። ገማቾች መጥተው መሬታችንን ሊለኩት፣ ከዚያም ርስታችንን ሊነጥቁን ነው ብሎ በሞጣም በዳሞትም ሸፈተ። መንግሥት አውሮፕላን ልኮ እስከ መደብደብ ደረሰ። ፍጻሜው የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም መነሣትና የግብሩ መቅረት ሆነ። ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ አውቀው ነበር። እናቴ የነገረችኝን ግን በመጽሐፍ አላገኘሁትም።

መካኒኩ ሰማያዊውን ሲጨርስ አረንጓዴ መጣ፤ በአረንጓዴው ላይ ደግሞ ጫፉ የተበላ «ወባ» የሚል ጽሑፍ። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በተከታዩ መኸር በደጋው ኢትዮጵያ ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ወርዶ ነበር። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። የጸናው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው አገር ነው፤ ፍኖተ ሰላምና ቡሬም በዚሁ ውስጥ ናቸው። በሽታውን ለምዶ የማያውቅ ሰውነት ምን መከላከያ ይኖረዋል! በ1951 ዓ.ም. የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ሠራተኞቹም የመርጫ ገንቦ ተሸክመው በየጎጆው ግድግዳ ዲዲቲ ይረጩ ጀመር።

«ሲመጡ ዕቃችንን ሁሉ ወደ ደጅ እናወጣለን» አለች እናቴ። «ሽታው ያስነጥሳል። የዚያን ሰሞን ግን ትኋን አጥተን እንተኛለን።»

«ግብር ገማቾቹስ በምን ይመጡ ነበር?» አልኳት።

«በዚሁ ነዋ! ድምፁ አንድ። ከወንዙ ማዶ ሲያጓራ ይሰማናል፤ የትኛው እንደሆነ ማን ያውቃል? ወንዶቹ ወደ ጫካ ይሮጣሉ፣ እኛ ዕቃ እናወጣለን።»

ይህን ስሰማ የማውቀው ታሪክ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ተንቀሳቀሰብኝ። ወንዶቹ ለግብሩ ሲሸሹ ሴቶቹ ለመድኃኒቱ ቤት ባዶ ያደርጋሉ፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። የሚመጣውን የሚነግራቸው አንድ የሞተር ድምፅ ብቻ ነው፤ እርሱም አይናገርም። እኔ በዚያው ድምፅ ምጥ የያዛት ሴት ደጅ ስደርስ፣ ሽማግሌዎቹ ከቤት ለመውጣት ጥቂት ይዘገዩ የነበረውን እንደ ድካም ቆጥሬው ኖሬያለሁ።

ነጋዴው በሦስተኛው ቀን ደወለ። አልሸጥም አልኩት። ምክንያቱን ሲጠይቀኝ ስለ ወባ ልነግረው አልቻልኩም። አሮጌ መኪና በማስገባት ላይ በ2012 ዓ.ም. ከባድ የኤክሳይዝ ታክስ እንደተጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል እንዳይገባ እንደተከለከለ፣ ስለዚህ ያለውን መያዝ እንደሚሻል ነገርኩት። ይህም እውነት ነው፤ እርሱም ነጋዴ ነውና ወዲያው ገባው።

መካኒኩ በሩን አቃንቶ ሲጨርስ ምን ቀለም እንደሚቀባልኝ ጠየቀ። ነጭ አልኩት፤ ከዚህች ከመዳፍ የማትበልጥ ቦታ በቀር።

«ያምራል ብለው ነው መምህር?»

«አያምርም። ይዝጋል እንዴ?»

«አሉሚኒየም ምን ይዝጋል! የውስጥ ክፈፉ ግን ብረት ነውና እርሱን ዘይት እቀባልዎታለሁ።»

እናቴ ሰሃኗን በፎጣ ጠቅልላ ተነሣችና፣ መኪናው በግንድ ላይ መሆኑን እያየች፣ ወደ ፊተኛው ወንበር እንድደግፋት እጇን ዘረጋች። ወጥታ ተቀመጠች። በሩን ዘጋሁላት፤ እንደ ልማዱ በመጀመሪያው አልያዘም፤ ሁለተኛ ጊዜ ጠበቅ አድርጌ ዘጋሁት።