ኒውሮፊድባክ እና ኤዲኤችዲ

ኒውሮፊድባክ ሰው የራሱን የአንጎል ኤሌክትሪክ ሞገድ በስክሪን እየተከታተለ እንዲቆጣጠረው የሚያለማምድ ዘዴ ነው። በብዛት የሚሰጠው የትኩረት ማነስና ያለመረጋጋት ችግር (ኤዲኤችዲ) ላለባቸው ልጆች ነው። ስልጠናው ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ክፍለ ጊዜያት ስለሚወስድ ለቤተሰብ ጊዜና ገንዘብ የሚጠይቅ ነው። በዚህም ምክንያት የትኛው ልጅ እንደሚጠቀምበት አስቀድሞ ለመለየት ብዙ ጥናት ተደርጓል።

አሠራሩ

በልጁ ጭንቅላት ላይ ኤሌክትሮዶች ይለጠፋሉ፤ እነዚህም ኢኢጂ ከሚባለው የአንጎል ሞገድ መለኪያ ጋር ይገናኛሉ። ኮምፒውተሩ ሞገዱን ወደ ጨዋታ ይለውጠዋል። ሞገዱ በተፈለገው አቅጣጫ ሲቀየር ልጁ ነጥብ ያገኛል፤ ካልተቀየረ ጨዋታው ይቆማል ወይም ይዘገያል።

ታሪክ

የሰው አንጎል ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀረጸው በጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። በ1960ዎቹ አሜሪካዊው ባሪ ስተርማን ድመቶች የአንጎላቸውን ሞገድ በሽልማት አማካኝነት መለወጥ እንደሚማሩ አሳየ። በ1976 ጆል ሉባር ከባልደረባው ጋር ዘዴውን እረፍት የለሽ በሆነ ልጅ ላይ ሞክሮ ውጤቱን አሳተመ።

የቴታና የቤታ ጥምርታ

ቴታ በሴኮንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ የሚመላለስ ዝግ ያለ ሞገድ ሲሆን፣ ቤታ ከ13 እስከ 30 ጊዜ የሚመላለስ ፈጣን ሞገድ ነው። ኤዲኤችዲ ባለባቸው አንዳንድ ልጆች ቴታ ከቤታ አንጻር በዝቶ ይታያል። ስለዚህ ከፍተኛ ጥምርታ ያላቸው ልጆች ከስልጠናው ይበልጥ ይጠቀማሉ የሚል ግምት ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2013 ይህን ጥምርታ የሚለካ መሣሪያ ለምርመራ አጋዥነት ፈቅዷል። ሆኖም በኋላ የወጡ ጥናቶች ጥምርታው ብቻውን ኤዲኤችዲን በአስተማማኝ ሁኔታ እንደማይለይ አሳይተዋል።

ግምቱ ሲፈተን

በአሜሪካ የተካሄደውና በ2021 የታተመው አይካን የተባለ ጥናት ከ7 እስከ 10 ዓመት የሆኑ 144 ልጆችን አካትቷል። የተመረጡት ጥምርታቸው 4.5 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ማለትም ይጠቀማሉ ተብለው የተገመቱ ልጆች ነበሩ። አንዱ ቡድን በራሱ ሞገድ ሠለጠነ። የንጽጽር ቡድኑ ግን በመልክም በርዝመትም ተመሳሳይ የሆነ፣ ቀድሞ በተቀረጸ ሞገድ የሚመራ ስልጠና ወሰደ። ወላጆችና አስተማሪዎች የትኛው ልጅ የትኛውን እንደወሰደ አያውቁም ነበር።

በስልጠናው ማብቂያ ከመጀመሪያው ቡድን 61 በመቶ፣ ከንጽጽር ቡድኑ ደግሞ 54 በመቶ የሚሆኑት ልጆች በግልጽ ተሻሽለው ተገኙ። ልዩነቱ ግን በስታቲስቲክስ ትርጉም ያለው አልነበረም። ከ13 ወር በኋላም በትኩረት ማነስ ረገድ በቡድኖቹ መካከል ልዩነት አልታየም፤ ሆኖም በራሳቸው ሞገድ የሠለጠኑት የወሰዱት መድኃኒት አነስተኛ ነበር።

መሻሻልና መጠቀም

ይህ ውጤት ትንበያ ለምን አስቸጋሪ እንደሆነ ያስረዳል። አንድ ልጅ ከስልጠና በኋላ ቢሻሻል መሻሻሉ ከስልጠናው የመጣ ነው ማለት አይደለም። ዕድሜው መጨመሩ፣ በየጊዜው ቁጭ ብሎ መሥራትን መልመዱ፣ ከባለሙያ የሚያገኘው እንክብካቤና የቤተሰቡ ተስፋ ለውጥ ሊያመጡ ይችላሉ። ስለዚህ የንጽጽር ቡድን የሌለው ጥናት «ማን ይሻሻላል?» የሚለውን ሊመልስ ይችላል፤ «ማን በስልጠናው ምክንያት ይሻሻላል?» የሚለውን ግን አይመልስም። ሞገዱን መቆጣጠር ጨርሶ የማይማሩ ሠልጣኞች መኖራቸውም ጉዳዩን ያወሳስበዋል።

አሁን ያለበት ደረጃ

38 ጥናቶችንና 2,472 ተሳታፊዎችን ያካተተ ትንተና፣ ማን ምን እንደወሰደ በማያውቁ ሰዎች በተሰጠ ምዘና ሲታይ ኒውሮፊድባክ የኤዲኤችዲ ምልክቶችን በቡድን ደረጃ ትርጉም ባለው መጠን እንደማይቀንስ ደምድሟል። በዋናነት የሚመከሩት ሕክምናዎች እንደ ሜቲልፌኒዴት ያሉ መድኃኒቶች፣ ለወላጆች የሚሰጥ የልጅ አያያዝ ስልጠናና በትምህርት ቤት የሚደረግ ድጋፍ ናቸው።