በትዳር በር የገባው አገልግሎት፦ አፍላ ወጣቶችና የወሊድ መከላከያ በኢትዮጵያ

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእርግዝና መከላከያዎችን ለሕዝብ ማስተዋወቅን ከጽንስ ማስወረጃዎች ጋር አዳብሎ ይከለክል ነበር። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ የሴት ልጅን ዝቅተኛ የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት አደረገ። ሁለቱ ሕጎች ጎን ለጎን ሲነበቡ፣ የ15 ዓመት ልጅ ለሚስትነትና ለእናትነት ደርሳለች፤ እርግዝናን ስለ ማዘግየት በይፋ የሚያስተዋውቃት ግን በሕግ ይጠየቃል። በገጠር ከ15 ዓመት በታች ይዳሩ የነበሩት ልጃገረዶች ብዛት ሲታሰብ የሕጉ ክፍተት የበለጠ ይሰፋል።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በበጎ ፈቃደኞች ጥረት እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው። ማኅበሩ ሥራውን በአንዲት ነርስና በአንዲት ክፍል የጀመረ ሲሆን፣ ስሙን ያሳረፈው «ቤተሰብ» በሚለው ቃል ላይ ነበር። በዘመኑ ከዚህ የተሻለ መጠለያ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ በኋላ የተስፋፋው «የቤተሰብ ምጣኔ» የሚለው ስያሜም ከዚያው ምንጭ የሚቀዳ በመሆኑ፣ ቤተሰብ ያልመሠረተ ሰው የሚመጥነው ነገር እንደሌለ የሚያስቆጥር ትርጉም ይዞ ዘልቋል። ስያሜው አገልግሎቱን ከተቃውሞ ጠበቀው፤ ያላገባችውን ልጃገረድ ግን ከደጅ አስቀራት።

በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ በመከላከያዎች ማስታወቂያና ሥርጭት ላይ የተጣሉ አላስፈላጊ ገደቦች እንዲነሡ አሳሰበ። እ.ኤ.አ. እስከ 2015 ድረስ ተጠቃሚነትን ከ4 በመቶ ወደ 44 በመቶ ማሳደግ፣ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልዳቸውን ልጆች ከ7.7 ወደ 4 ገደማ ማውረድ ግቡ ነበር። ለአፍላ ወጣቷ ፖሊሲው ያሰበው ዋነኛ መከላከያ የጋብቻን ዕድሜ ቢያንስ ወደ 18 ማሳደግ ነው። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም በ1992 ዓ.ም. ይህንኑ ደነገገ። እርምጃው ትልቅ ነው። አንድ ያልታሰበ ጎን ግን ነበረው፦ ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅ በሕግ ዓይን ማግባት ስለሌለባት፣ በልማድ ዓይን ደግሞ ሳታገባ ወሲብ መፈጸም ስለሌለባት፣ መከላከያ የምትሻበት ምክንያት በሁለቱም ዘንድ ሊታይ አልቻለም።

ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. «የቀን ቅኝት» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ በኢትዮጵያ ሬዲዮ 257 ክፍሎች ተላለፈ። በ1949 ዓ.ም. በይፋ ማስተዋወቁ ያስጠይቅ የነበረው ጉዳይ በመንግሥት ሬዲዮ ወደየቤቱ ገባ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አገልግሎቱን እስከ ቀበሌ አወረደው፤ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኢምፕላኖን በክንድ ቆዳ ሥር መቅበር ተፈቀደላቸው። ሠራተኞቹ ራሳቸው ወጣት ሴቶች መሆናቸው የሚናቅ ነገር አልነበረም። መርፌው ደግሞ እንደ ክኒን በቤት ውስጥ ምልክት ስለማይተው፣ የባልና የአማት ዓይን ለሚከብዳት ሙሽራ አመቺ ነበር። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ ሴቶች መካከል ተጠቃሚዎቹ 8 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 36 በመቶ ደረሱ። ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ባለትዳሮችም በ2008 ዓ.ም. 32 በመቶ ያህሉ ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር።

እነዚህን አኃዞች የሚያነብ ባለሙያ አካፋዩን ልብ ሊል ይገባል፤ የተቆጠሩት ያገቡት ናቸው። ተማሪዋ፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ለሥራ ወደ ከተማ የፈለሰችው ልጅ በዋናው አኃዝ ውስጥ የሉም። ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጃገረዶች መካከል የወለዱት ወይም ያረገዙት በ1992 ዓ.ም. 16 በመቶ፣ በ2008 ዓ.ም. 13 በመቶ ነበሩ። ተጠቃሚነት በብዙ እጥፍ ሲያድግ ይህ ቁጥር በሦስት ነጥብ ብቻ ዝቅ ማለቱ የመጀመሪያው እርግዝና አሁንም ከአገልግሎቱ እንደሚቀድም ይጠቁማል።

በትምህርት ቤቶች ለወሲብ ጉዳይ በር የከፈተው ኤች.አይ.ቪ. ነው። የፀረ ኤድስ ክበባት ስለ ኮንዶም ለመናገር ድፍረት ሰጡ፤ ነገር ግን ትምህርቱ ከሞት ፍርሃት የተነሣ ስለነበር ልጆቹ ስለ ቫይረሱ ያወቁትን ያህል ስለ ወር አበባ ዑደትና ስለ ፅንስ አፈጣጠር አላወቁም።

ሕጉ ለአካለ መጠን ያልደረሰችውን ልጅ በግልጽ ያያት ካረገዘች በኋላ ነው። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ምክንያት ልጅ ለማሳደግ በአካልም በአእምሮም ዝግጁ ያልሆነች ነፍሰ ጡር ፅንሱን በጤና ተቋም እንድታቋርጥ ፈቀደ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያም ልጅቱ የተናገረችው ዕድሜ በቂ እንደሆነና ሌላ ማስረጃ እንደማይጠየቅ ደነገገ። የቤተሰብ ምጣኔ መመሪያው ደግሞ በ2003 ዓ.ም. ማንኛውም በመውለጃ ዕድሜ ያለ ሰው ያገባም ይሁን ያላገባ አገልግሎቱን እንዲያገኝ ፈቅዷል። የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርትም ቢሆን ዕድሜን ብቻ መከልከያ አያደርግም፦ ክኒንና በክንድ የሚቀበረው ያለ ገደብ፣ መርፌና በማሕፀን የሚቀመጠው ጥቅማቸው ከስጋታቸው ስለሚያመዝን ለአፍላ ወጣቶች ይሰጣሉ። «ባለትዳር ነሽ?» የሚለው ጥያቄ ለሕክምናው ውሳኔ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ለጠየቀችው ልጅ ግን ከክፍሉ ተነሥታ ለመውጣት በቂ ምክንያት ነው።