ለከተማ ስሙን የሰጠ የዱር ሽንኩርት



የዛሬው ርእሴ በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ደኖች የሚበቅል አንድ የዱር ሽንኩርት ነው። የእጽዋት ሊቃውንት አሊየም ትሪኮከም ይሉታል፤ የአፓላቺያን ተራሮች ነዋሪዎች ደግሞ ራምፕ። ታሪክ አጥኚ ስለ ሽንኩርት ምን አገባው የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን የአንድ ታላቅ ከተማ ስም ይህ ተክል ተለይቶ እስኪታወቅ ድረስ በትክክል ሊፈታ አልቻለም ነበር። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋ ቺካጎ ናት። ስሟ የተወረሰው የማያሚና የኢሊኖይ ሕዝቦች ከሚናገሩት ቋንቋ ነው። በዚያ ቋንቋ «ሺካኳ» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ይጠራል፤ አንደኛው ስካንክ የተባለው፣ ጠላቱን በክፉ ሽታ የሚያባርረው ባለ ነጭ ሸንተረር አውሬ ሲሆን፣ ሁለተኛው ይኸው የዱር ሽንኩርት ነው። ኋላ የመጡ ተራኪዎች ከዚህ ተነሥተው ስሙን «የሚገማ ስፍራ» እያሉ ፈቱት። ነገሩ ቀልድ ሆኖ ቀረ። እኔ ግን ቀልዱን እንደ ዋዛ ማለፍ ይከብደኛል። አንድ ሕዝብ ምግቡ የሚበቅልበትን ስፍራ በምግቡ ስም ጠርቶት ሳለ፣ በእግሩ ተተክቶ የሰፈረው ከስሙ ውስጥ ሽታውን ብቻ መርጦ ወሰደ።

ወደ ምንጩ እንምጣ። ሄንሪ ዡቴል የተባለው ፈረንሳዊ ከሩዋን ከተማ የተነሣ ሰው ነው፤ በላ ሳል የመጨረሻ ዘመቻ ከ1684 ጀምሮ ተሳትፏል። ላ ሳል በማርች 1687 በዛሬዋ ቴክሳስ በገዛ ሰዎቹ እጅ ተገደለ። ዡቴልና ጥቂት ጓደኞቹ ግን በሕይወት ተርፈው ወደ ሰሜን ተጓዙ፤ ወደ ካናዳ ሲያቀኑም በ1687 እና በ1688 ቺካጎን ረግጠዋል። በማርች 1688 መጨረሻ እዚያ ደረሱ። የአየሩ ክፋት ከሐይቁ ዳር ለቀናት ሲያግዳቸው ከሜፕል ዛፍ የሚንጠባጠበውን ጣፋጭ ፈሳሽ እያፈሉ፣ በጫካው ያገኙትንም ሽንኩርት መሰል ቅጠል ከበቆሏቸው ጋር ይመገቡ ነበር። ዡቴል የስፍራው ስም በዚያ ጫካ ውስጥ በብዛት ከሚበቅለው ነጭ ሽንኩርት እንደ መጣ መዝግቧል። በዚህም አላበቃም። ተክሉ የፈረንሳዩን እንደማይመስል፣ ቅጠሉ ሰፋና አጠር ያለ እንደ ሆነ፣ ኃይሉም ከፈረንሳዩ እንደሚለዝብ ጨምሮ ጽፏል። የዡቴል አባት አትክልተኛ ነበር፤ የልጁ ዓይን ከዚያ የተማረ መሆኑን ለማመን አይከብደኝም።

ይህ አጭር መግለጫ ለብዙ ዘመን ሳይመዘን ቆየ። በአካባቢው ሌሎች የዱር ሽንኩርቶችም ስላሉ፣ ብዙዎች አንገቱን ደፍቶ የሚያብበውን አሊየም ሰርኑም የስሙ ባለቤት አድርገው ገምተው ነበር። በ1991 ጆን ስዌንሰን በኢሊኖይ የታሪክ መጽሔት ባወጣው ጥናት የዡቴልን ቃል ከእጽዋቱ ጋር አንድ በአንድ አስተያየ። አሊየም ሰርኑም ቅጠሉ ቀጭን ነው። ሌላው ተፎካካሪ አሊየም ካናደንስም ቅጠሉ እንደ ሣር የጠበበ ነው። በጥላ ደን ውስጥ እየበቀለ ሰፊ ቅጠል ያለው ራምፕ ብቻ ነው። አንዲት የቅጠል ስፋት ክርክሩን ፈታችው። የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ያዘጋጇቸው የኢሊኖይ ቋንቋ መዝገበ ቃላትም ቃሉን ጠብቀውታል፤ የማያሚ ተወላጆች ዛሬ ቋንቋቸውን ለማንሣት በእነዚህም ይደገፋሉ። ባለ ስሞቹ ራሳቸው አልቆዩም። በ1833 የቺካጎ ውል ፖታዋቶሚዎችና አጋሮቻቸው መሬታቸውን አስረክበው ወደ ምዕራብ እንዲሄዱ ተደረገ፤ ማያሚዎችም ከኢንዲያና በ1846 ተጋዙ።

አሁን ስለ ተክሉ አስተዳደግ ጥቂት ልበል፤ ያለዚያ ቀጣዩ ክርክር አይገባንም። ራምፕ ብርዱን እንደ ምንም አይቆጥረውም። የብርዱ ወራት ሲያልፍ፣ ዛፎቹ ሳያለመልሙ በፊት ቅጠሉን አውጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። የደኑ ጥላ ሲወፍር ቅጠሉ ይደርቃል፤ አበባውም የሚወጣው ከዚያ በኋላ፣ ቅጠል በሌለው ዘንግ ላይ ነው። ዘሩ መሬት ላይ ከወደቀ በኋላ አስቀድሞ ሥር ይሰዳል፣ ብርድ ያልፍበታል፣ ከዚያ ቅጠል ያወጣል፤ ይህ ሁሉ እስከ 18 ወር ሊወስድ ይችላል። ከዘር ተነሥቶ ለመብል እስኪደርስ ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። ሊያለማው የሚሻ ሰው ግልጥ ማሳ ላይ አይዘራውም፤ ቅጠላቸው በሚረግፍ ዛፎች ሥር፣ እርጥበት ባለው አፈር ላይ ተክሎ በረገፈ ቅጠል ያለብሰዋል። ኮረቱን አዛውሮ የተከለ ጥቂት ዓመታት ያተርፋል።

ለብርዱ የማይበገረው ተክል ለቁፋሮ ግን ደካማ ነው። የአፓላቺያን ሰው ከረጅሙ ብርድ በኋላ እንደ መጀመሪያ ለምለም ምግብ ሲቆጥረው ኖሯል፤ ከእንቁላልና ከድንች ጋር ይጠብሰዋል። በልተው የመጡ ልጆች ከሽታው የተነሣ ከክፍል ይባረሩ ነበር እየተባለም ይተረካል። ምግብ ቤቶች ሲፈልጉት ግን ቁፋሮው በዛ። ኩቤክ በ1995 ንግዱን ከልክላለች። በግሬት ስሞኪ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተደረገ ጥናት፣ ከአንድ መደብ በ10 ዓመት አንዴ ከ10 በመቶ በላይ ቢነቀል ተክሉ እንደማያገግም አሳየ፤ ፓርኩም በ2002 መልቀምን አገደ።

ክልከላው ለንግድ ሲባል በጆንያ የሚነቅለውንና የቼሮኪውን ለቃሚ አልለየም። ጥናቱ የለካው ኮረቱ ከነሥሩ ሲነቀል የሚደርሰውን ጉዳት ነው። የቼሮኪ ለቃሚዎች ልማድ ግን ከኮረቱ ግርጌ ከፍ አድርጎ መቁረጥ ነው፤ ሥሩ መሬት ውስጥ ቀርቶ እንደገና ያቆጠቁጣል። ፓርኩ የተቋቋመው በ1934 ሲሆን፣ ለቀማው ከፓርኩ ይቀድማል። በ2016 የፌዴራሉ መንግሥት የጎሣ አባላት በስምምነት ከብሔራዊ ፓርኮች ዕፅዋት እንዲለቅሙ ደንብ አወጣ፤ በ2019ም ከምሥራቃዊው የቼሮኪ ባንድ ጋር በዚያው ፓርክ ስምምነት ተፈረመ። የተፈቀደው ተክል ግን ሶቻን የተባለ ሌላ ቅጠል ነበር እንጂ ራምፕ አልነበረም።