ስለ መሪ ብረትና ስለ ብሎን ጥርስ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን በሙያቸው ምክንያት መስደብን የሚከለክለውን አዋጅ ያወጁበት፣ እንግሊዛዊው ቤንትሌም ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሓውንና ዳገቱን አቋርጦ ወደዚች አገር ከመጡት የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አንዱን ወደ አዲስ አበባ ያገባበት ዘመን አንድ ነው፤ ይኸውም 1900 ዓ.ም. ነው። ሁለቱን ማንም አስቦ አላገጣጠማቸውም፤ ነገር ግን የጋራዥን ሙያ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከዚህ ቢነሣ መልካም ይመስለኛል፤ ያ ሠረገላ ሲበላሽ የሚያድነው ጥበብ፣ ስንንቀው የኖርነው የብረት ጥበብ ነበረና።

የብሎን ጥርስ ለዓይን ኢምንት ነገር ቢመስልም ታላላቅ መንግሥታት የተለያዩበት ጉዳይ ነው። በእንግሊዝ አገር ፋብሪካው ሁሉ ጥርሱን በገዛ ልኩ ያወጣ ስለ ነበረ የአንዱ ዳዶ ከሌላው ብሎን ጋራ አይገጥምም ነበር፤ መሐንዲሱ ጆሴፍ ዊትዎርዝ ግን ከብዙ ፋብሪካዎች ብሎን ሰብስቦ መካከለኛውን ልክ ከመረመረ በኋላ፣ የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ እንዲሆን፣ ቍጥሩም በኢንች እንዲወሰን እ.ኤ.አ. በ1841 ሐሳቡን ለመሐንዲሶች ማኅበር አቀረበ። በ1864 የፊላዴልፊያው ዊልያም ሴለርስ 60 ዲግሪ ለሠሪው ይቀላል አለ፤ አሜሪካም የእርሱን መንገድ ተከተለች። በ1898 ደግሞ በዙሪክ የተሰበሰቡት የአውሮፓ ሊቃውንት ማዕዘኑን 60 ዲግሪ፣ መለኪያውን ሚሊሜትር አድርገው ሌላ ሥርዓት አቆሙ።

እነዚህ ሦስት ሥርዓቶች ወደ አገራችን የገቡት በጦርነትና በንግድ ነው። በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ፊያትና ላንቻ የሚሊሜትሩን ጥርስ ይዘው መጡ፤ ከነጻነት ወዲህም የእንግሊዝ ቤድፎርድና ላንድሮቨር የዊትዎርዝን፣ የአሜሪካ ፎርድና ጂፕ የሴለርስን ወገን አስከትለው ገቡ። ስለዚህ በአዲስ አበባ ጋራዥ የነበረው የብሎን ቆርቆሮ የሦስቱንም ዘር ደባልቆ የያዘ ነበር። ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለው የዊትዎርዝ ብሎን በአንድ ኢንች ውስጥ 12 ጥርስ ሲኖረው፣ ተራው የአሜሪካ ብሎን 13 አለው፤ የአንዱ ዳዶ በሌላው ላይ አንድ ሁለት ዙር በእጅ ይገባና ይይዛል፤ ችኩሉ ሠራተኛም ዝገት መስሎት በቁልፍ ሲያስገድደው የሁለቱም ጥርስ ይበላል። ዐዋቂው ግን የብሎኑን ጥርስ ልኩ ከታወቀ ማስክዮ፣ ማለትም ከቀዳዳ ጥርስ ማውጫ ብረት ጋራ ጎን ለጎን አስተኝቶ ወደ ብርሃን ያነሣዋል፤ በመካከላቸው ብርሃን ካላለፈ ልካቸው አንድ ነው። ይህን የመሰለውን ዕውቀት በድሬዳዋ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ያደጉ፣ ከጣሊያን መካኒኮች ጋራ የሠሩ፣ ኋላም በተግባረ እድ ትምህርት ቤት የተማሩ ሰዎች ለተከታዮቻቸው በእጅ እያሳዩ አስተላለፉት፤ በመጽሐፍ የሰፈረው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ትዕግሥትን ከሁሉ ይልቅ የሚፈትነው የመሪ ብረት ነው። የመሪውን ዘንግ ከጎማው ክንድ ጋራ የሚያያይዘው ቴስቲኒ በአንድ ወገን ኳስ፣ በሌላው ወገን ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ግንድ አለው፤ ግንዱ በጎማው ክንድ ዓይን ውስጥ እንደ ሽብልቅ ተወጥሮ በዳዶ ይታሰራል። ጭቃና ውሃ ዓመታት ከተፈራረቁበት በኋላ ዳዶው ተፈትቶም ግንዱ አይነቃነቅም። ያልሠለጠነ ሰው ዳዶውን አውጥቶ የግንዱን ጫፍ በመዶሻ ይደበድባል፤ ጫፉ ይጨፈለቃል፣ ጥርሱ ይጠፋል፣ ቴስቲኒውም ከነበረበት አይወጣም። የሠለጠነው ግን ዳዶውን ከግንዱ ጫፍ ጋራ እስኪስተካከል መልሶ በማስገባት ጥርሱን ይጠብቃል፤ ከዚያም ግንዱን ሳይነካ፣ በክንዱ ዓይን አንድ ወገን ከባድ መዶሻ ደግፎ፣ በሌላው ወገን አጥብቆ ይመታል፤ ዓይኑ ለቅጽበት ቅርጹን ሲለውጥ ግንዱ በድንገት ይለቃል። የመሪው ዘንግ አንዱ ጫፍ ቀኝ፣ ሌላው ግራ ጥርስ መሆኑንም ያስታውሳል፤ ዘንጉን በማዞር ብቻ የጎማዎቹ አቅጣጫ እንዲቃና ታስቦ የተሠራ ነውና፣ ግራውን እንደ ቀኝ የሚፈታ ሰው ይባስ ያጠብቀዋል። ክንዱን በእሳት አግለው የሚያላቅቁም አሉ፤ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ክንዱ ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ በልክ ግሎ በልክ ስለ ቀዘቀዘ፣ ያለ ልክ ሲግል ያ ጥንካሬ ይጠፋል፤ መልኩ ግን እንደ ቀድሞው ስለሚሆን ጉድለቱን የሚያይ የለም።

የተጎዳ ጥርስን የማዳን ጥበብም የራሱ መዓርግ አለው። ጥቂት የተላጠውን ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ ያቃናዋል፤ ከዚያ የባሰውን የጥርስ ማውጫው ብረት ፈለጉን ተከትሎ ያድሰዋል። የቀዳዳ ጥርስ ፈጽሞ ሲበላ የቶርኖ ሠራተኛው ቀዳዳውን አስፍቶ፣ ቡሽ አስገብቶ፣ በቡሹ ውስጥ አዲስ ጥርስ ያወጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በውጭ አገር የተፈለሰፈው ሄሊኮይል የሚባለው የሽቦ ጥቅልልም ይህንኑ ሥራ በቀጭን ሽቦ ይፈጽማል። በሞተር ሽፋንና በመሳሰለው ላይ እነዚህ ሁሉ የሚመሰገኑ ናቸው።

መሪ ላይ ግን ፍርዴ ሌላ ነው። ጥርሱ የተበላ ቴስቲኒ ይጣል እንጂ አይጠገን፤ ዓይኑ የሰፋ ክንድም በብየዳ አይሞላ። ባለ መኪናው ሆይ፣ መካኒክህ «ይህስ ይቀየር» ሲልህ በዋጋው አትከራከረው፤ ከመኪናው ጋራ የአንተና የተሳፋሪው ሕይወት በዚያ ግንድ ላይ ታስሯል።