የሰንበት ክርክርና የደብረ ምጥማቅ ዕርቅ

በ14ኛው መቶ ዘመን የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን የከፈለው ጥያቄ ቅዳሜ እንደ እሑድ ትከበር ወይስ አትከበር የሚል ነበር። አባ ኤዎስጣቴዎስ ሁለቱም ሰንበታት ይከበሩ ብለው አስተማሩ። ከእስክንድርያ የሚላኩት ግብፃውያን ጳጳሳት ግን ቅዳሜን ማክበር የአይሁድ ሥርዓት ነው እያሉ ይቃወሙ ነበር። ተከራካሪዎቹ አንድ ጥምቀት፣ አንድ ቁርባን የነበራቸው ወንድማማቾች መሆናቸው ነገሩን አላለዘበውም፤ እንዲያውም አመረረው።

ኤዎስጣቴዎስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1337 ገደማ አገር ለቀው በግብፅ፣ በኢየሩሳሌምና በቆጵሮስ በኩል አርመን ደረሱ፤ በ1352 እዚያው አረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ከጳጳሱ ክህነት ሳይቀበሉ፣ ከቤተ መንግሥቱም ርቀው በሰሜን ገዳማትን አቋቋሙ። ከእነዚህ አንዱ ደብረ ቢዘን ነው።

በ1400 ዐፄ ዳዊት የደብረ ቢዘኑን አባ ፊልጶስንና ወገኖቻቸውን ለጉባኤ አስጠሩ። ጉባኤው የተጠራው በጳጳሱ በአቡነ በርተሎሜዎስ ግፊት ስለነበር ለመነጋገር ሳይሆን እጅ ለማሰጠት ነበር ማለት ይቻላል። ፊልጶስ ቅዳሜን አልተውም በማለታቸው ታሰሩ። አራት ዓመት ያህል ቢታሰሩም ከአቋማቸው አልተነቃነቁም። ንጉሡም በ1404 አስፈቷቸው፤ ሁለቱን ሰንበታት እንዲያከብሩም ፈቀዱላቸው። እስራቱ ያልፈታውን ፈቃዱ አረገበው፤ ጳጳሱ ግን ስላልተስማሙ ክፍፍሉ ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ወደ ብራና ገባ። ሊቁ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የኤዎስጣቴዎስ ቤት ሰው ሳይሆኑ በ1424 በፈጸሙት «መጽሐፈ ምሥጢር» የቅዳሜን ክብር በማስረጃ ደገፉ። ከሌላው ወገን የመጣ እንዲህ ያለ ምስክርነት ከየትኛውም ውግዘት ይልቅ ልብ የሚያዘነብል ነው።

በ1434 የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ለቅዳሜ ያደሉ ነበሩ። ሆኖም ጳጳሳቱን አቡነ ሚካኤልንና አቡነ ገብርኤልን አላሳደዷቸውም። በ1450 በሸዋ፣ በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ጳጳሳቱ ሁለቱ ሰንበታት እንዲከበሩ ተስማሙ፤ የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም በበኩላቸው ከጳጳሳቱ እጅ ክህነት ለመቀበል እሺ አሉ። የዕርቁ ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው፦ አንዱ ሥርዓቱ ተጠበቀለት፣ ሌላው ሥልጣኑ ታወቀለት፤ ተዋርዶ የተመለሰ ወገን አልነበረም።

ይህ ትዕግሥት ግን ለሁሉም አልተዳረሰም። ለእመቤታችን ሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም ያሉት የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች በእኚሁ ንጉሥ ዘመን ተገረፉ፣ ታሰሩ፣ ተሰደዱ፤ እስጢፋኖስም በእስር ሳሉ ሞቱ። ማኅበራቸው ግን አልጠፋም፤ ገዳማቸው ጉንዳ ጉንዶ ዛሬም በትግራይ አለ። ለሰንበት ክርክር የተገኘው ልዝብ ንግግር ለእነርሱ መነፈጉ የዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ትልቅ ጉድለት ነው።